ለጎልማሶች ዘግይቶ የደረሰ ክኒን፦ የአምፌታሚንና የሪታሊን ታሪክ

በ1887 ሩማንያዊው ኬሚስት ላዛር ኤዴሌአኑ በበርሊን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናታቸውን ሲሠሩ አንድ አዲስ ውሁድ ቀመሙ። ለምን እንደሚጠቅም ግን አልመረመሩም። አሠራሩን በጽሑፍ አስቀምጠው ወደ ሌላ ሥራ ዞሩ፤ በኋላም ስማቸው የተጠራው በነዳጅ ዘይት ማጣሪያ ስልታቸው ነው። ያ የተረሳ ውሁድ አምፌታሚን ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ አንድ ጎልማሳ ሐኪም ዘንድ ቀርቦ "ቀልቤን መሰብሰብ አቅቶኛል፤ የጀመርኩትን አልጨርስም፤ ቀጠሮ ይጠፋኛል" ሲልና ተመርምሮ ኤዲኤችዲ የሚባለው የትኩረት ማነስ ችግር እንዳለበት ሲታወቅ፣ የሚቀርቡለት አነቃቂ መድኃኒቶች ከሁለት ቤተሰቦች የወጡ ናቸው። አንደኛው የአምፌታሚን ቤተሰብ ነው፤ ሌላው የሜቲልፌኒዴት። "የትኛው ይሻለኛል?" ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ይህን ጥያቄ በወጉ ለመመለስ ሕክምናው ሰማንያ ዓመት ያህል ፈጅቶበታል። የዘገየው ኬሚስትሪው ስለከበደ ብቻ አይደለም። ጎልማሳው ለረጅም ጊዜ ከነጭራሹ በሐሳብ ውስጥ ስላልነበረ ነው።

የዚህ ቸልታ ሥር ከመድኃኒቱም ይቀድማል። ስኮትላንዳዊው ሐኪም አሌክሳንደር ክራይተን በ1798 ባሳተሙት መጽሐፍ ሐሳባቸውን በአንድ ነገር ላይ ማቆየት የሚሳናቸውን ሰዎች በሚገባ ገልጸው ነበር። በዚያው ገለጻቸው ግን ችግሩ ዕድሜ ሲጨምር አብዛኛውን ጊዜ እየቀነሰ እንደሚሄድ ጻፉ። በ1902 እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪም ጆርጅ ስቲል ለንደን ውስጥ በሰጡት ተከታታይ ንግግር ስለ 43 ልጆች ተናገሩ፤ አእምሯቸው ያልጎደለ፣ ነገር ግን ራሳቸውን መግዛትና በአንድ ነገር መጽናት ያቃታቸው ልጆች። ከዚያ ወዲህ ነገሩ የልጆች ጉዳይ ሆኖ ቀረ። "ሲያድግ ይተወዋል" የሚለው እምነት ከክራይተን በኋላ ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ ኖሯል።

አምፌታሚን ከተረሳበት የተነሣው በሌላ በሽታ ምክንያት ነው። በ1920ዎቹ ከቻይናው የኤፌድራ ተክል የሚገኘው ኤፌድሪን ለአስም እንደሚረዳ ታወቀ፤ ተክሉ ግን ከሩቅ የሚመጣ፣ አቅርቦቱም የማያስተማምን ነበር። በሎስ አንጀለስ ለአንድ የአለርጂ ሐኪም ይሠሩ የነበሩት ወጣቱ ኬሚስት ጎርደን አሌስ በቤተ ሙከራ የሚሠራ ምትክ ፍለጋ ውሁድ በውሁድ ላይ ይሞክሩ ነበር። ሰኔ 3 ቀን 1929 አምፌታሚኑን በ50 ሚሊግራም መጠን በራሳቸው ሰውነት ላይ በመርፌ አስወጉ። አፍንጫቸው ተከፈተ፤ ልባቸው በኃይል መታ፤ ደስ የሚል ስሜት ተሰማቸው። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አጡ፤ ሐሳባቸው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘል እንዳደረ በማስታወሻቸው አሰፈሩ። የኋላ ኋላ የሚዘል ሐሳብን ለማርጋት የሚታዘዘው መድኃኒት የመጀመሪያ ሌሊቱ እንዲህ አለፈ። መጠኑና የሚወስደው ሰው ሲለያዩ ውጤቱም እንደሚለያይ ከዚያች ሌሊት መረዳት ይቻላል።

ስሚዝ ክላይን ኤንድ ፍሬንች የተባለው የፊላደልፊያ ኩባንያ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ቤንዘድሪን የሚል ስም ሰጥቶ በአፍንጫ የሚሳብ የጉንፋን መድኃኒት አድርጎ ገበያ ላይ አዋለው። ከአሌስ ጋር ተዋውሎም ክኒን ሠራ። ክኒኑ ለየትኛው በሽታ እንደሚሆን ግን ኩባንያው ራሱ ገና አልለየም ነበርና ለፈለገ ሐኪም ሁሉ ለሙከራ ይልክ ነበር። ከተላከላቸው አንዱ ዶክተር ቻርልስ ብራድሊ ናቸው።

ብራድሊ የሚሠሩት በሮድ አይላንድ ግዛት፣ ኢስት ፕሮቪደንስ ውስጥ በ1931 በተከፈተ የልጆች ሆስፒታል ነው። ሆስፒታሉን ያቆመው የዘመዳቸው የጆርጅ ብራድሊ ኑዛዜ ነው። የባለጸጋው ልጅ ኤማ በሰባት ዓመቷ በአንጎል ብግነት ተመትታ ዕድሜዋን ሙሉ አካል ጉዳተኛ ሆና ኖራለች፤ አባትና እናቷም ሀብታቸውን እንደ እርሷ ላሉ ልጆች አወረሱ። በዚያ ዘመን የአንጎልን ምስል ለማንሳት ከአከርካሪ ውስጥ ፈሳሽ ቀድቶ በአየር መተካት ያስፈልግ ነበርና ልጆቹ ከምርመራው በኋላ በብርቱ ራስ ምታት ይሠቃያሉ። ብራድሊ ቤንዘድሪኑ ፈሳሹ ቶሎ እንዲተካ ያደርግ ይሆናል ብለው ሰጧቸው። ለራስ ምታቱ ብዙም አልጠቀመም። መምህራኑ ግን ሌላ ነገር አዩ፤ ልጆቹ በትምህርታቸው ተለውጠዋል።

ብራድሊ ይህን ሰምተው አለማለፋቸው ትልቅ ነገር ነው። ከ5 እስከ 14 ዓመት ለሆኑ 30 ልጆች ለአንድ ሳምንት ሰጥተው ለውጡን መዘገቡ። አሥራ አራቱ ገና በመጀመሪያው ቀን በትምህርታቸው ጉልህ መሻሻል አሳዩ፤ መድኃኒቱ ሲቆም ለውጡም አብሮ ቆመ። አነቃቂ የተባለ መድኃኒት ቅብጥብጡን ልጅ ማርጋቱ ራሳቸውን ብራድሊንም አስገርሟቸዋል። ጽሑፋቸው በ1937 በአሜሪካ የሥነ አእምሮ መጽሔት ወጣ፤ ለሃያ ዓመት ያህልም የሚከተለው ጠፋ። በጊዜው የልጅን ጠባይ በቤተሰብና በአስተዳደግ ብቻ የሚተረጉመው አስተሳሰብ ገንኖ ስለነበር በክኒን የሚለወጥ ጠባይ ለብዙዎች የሚዋጥ አልነበረም።

በመካከሉ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ጀርመኖች የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ የሆነውን ሜታምፌታሚን ፐርቪቲን በሚል ስም ለወታደሮቻቸው አደሉ፤ በ1940 በፈረንሳይ ዘመቻ ወራት ብቻ 35 ሚሊዮን ያህል ክኒን ተልኳል። እንግሊዞችና አሜሪካኖችም ቤንዘድሪን ይሰጡ ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ክኒኑን የለመደ ሰው በየአገሩ ሞልቶ ነበር።

ሁለተኛው ቤተሰብ የተወለደው በዚያው በጦርነቱ ጊዜ፣ ጦርነቱ ባልደረሰባት ስዊዘርላንድ ነው። በባዝል ከተማ በሲባ ኩባንያ የሚሠሩት ኬሚስት ሊያንድሮ ፓኒዞን በ1944 ሜቲልፌኒዴትን ሠሩ። በራሳቸው ላይ ሞክረው ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላዩም። ባለቤታቸው ማርጌሪት ግን የደም ግፊታቸው ዝቅተኛ ስለነበር ቴኒስ ከመጫወታቸው በፊት ይወስዱትና ይበረቱበት ነበር። ፓኒዞን መድኃኒቱን በባለቤታቸው የቁልምጫ ስም በሪታ ሪታሊን አሉት። በ1954 በአውሮፓ ገበያ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በአሜሪካ የወጣው ሪታሊን የታሰበው ለልጆች አልነበረም፤ ለደከማቸው፣ ለተከዙና በእርጅና ለዛሉ አዋቂዎች ነው። በአዋቂዎች የተጀመረ መድኃኒት ነው ወደ ልጆች ዞሮ ለአዋቂዎች የተከለከለ ያህል የሆነው።

ዙሩም ፈጥኖ ሆነ። በ1961 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ሪታሊን የጠባይ ችግር ላለባቸው ልጆች እንዲሰጥ ፈቀደ። በ1963 በባልቲሞር የጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪሙ ሊዮን አይዘንበርግና የሥነ ልቦና ባለሙያው ኪት ኮነርስ ሪታሊንን መድኃኒት ከሌለበት አስመሳይ ክኒን ጋር ያነጻጸሩበትን ጥናት አሳተሙ፤ ኮነርስ ለወላጆችና ለመምህራን ያዘጋጁት መጠይቅም እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ብራድሊ ከ26 ዓመት በፊት ያዩት ነገር አሁን በመለኪያ ተረጋገጠ።

አምፌታሚን ግን በዚሁ ዘመን ስሙን አጠፋ። ለክብደት መቀነሻ፣ ለድካም፣ ለብስጭት፣ ለሁሉም ይታዘዝ ነበር። በ1962 በአሜሪካ የተመረተው አምፌታሚን ወደ 8 ቢሊዮን ባለ 10 ሚሊግራም ክኒን የሚሆን ነው፤ ለእያንዳንዱ ነዋሪ፣ ሕፃናትን ጨምሮ፣ በዓመት ከአርባ ክኒን በላይ ይደርሰዋል ማለት ነው። ከዚህ ምን ያህሉ ለታማሚ እንደደረሰ መገመት አያዳግትም። በጀርመን ደግሞ በ1961 ፌኔቲሊን የተባለ ውሁድ ተሠራ፤ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ከፊሉ ወደ አምፌታሚን የሚለወጥ ሲሆን፣ ካፕታጎን በሚል ስም ለቅብጥብጥ ልጆችም ጭምር ይሰጥ ነበር። ዛሬ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በዚህ ስም የሚዘዋወረውን ሕገ ወጥ ክኒን ያልሰማ በዚያ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው።

የሕዝብ ቁጣ በ1970 ፈነዳ። በነብራስካ ግዛት በኦማሃ ከተማ ብዛት ያላቸው ተማሪዎች በትምህርት ቤት ግፊት አነቃቂ መድኃኒት እየተሰጣቸው ነው የሚል ዜና በዋሽንግተን ፖስት ወጣ፤ የምክር ቤት አባሉ ኮርኔሊየስ ጋላገርም ጉዳዩን በአደባባይ አስመረመሩ። በ1971 አሜሪካ አምፌታሚንንም ሪታሊንንም ጥብቅ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው መድኃኒቶች ተርታ አስገባቻቸው፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም በዚያው ዓመት በተፈረመው ስምምነት ሁለቱንም በሁለተኛው ሠንጠረዥ ውስጥ መዘገባቸው። እርምጃው ተገቢ ነበር። ነገር ግን አዋቂ ሰው አነቃቂ ክኒን ፈለገ ማለት ሱሰኛ ነው ማለት ነው የሚለውን ጥርጣሬ በሐኪሞች ልብ ውስጥ ተከለ።

እዚህ ላይ ከአገራችን ጋር የሚገናኝ አንድ ግኝት አለ። በ1975 የተባበሩት መንግሥታት የናርኮቲክ ቤተ ሙከራ ከትኩስ የጫት ቅጠል ካቲኖን የተባለውን ንጥረ ነገር ለየ። አወቃቀሩ ከአምፌታሚን ጋር ወንድማማች ነው። በጄኔቫ የሚሠሩት ተመራማሪ ፒተር ካሊክስ በ1980ዎቹ እንዳሳዩትም ካቲኖን አንጎል ላይ የሚሠራው አምፌታሚን በሚሠራበት መንገድ ነው፤ የምርቃናው ምሥጢር ይኸው ነው። ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖኑ ወደ ደካማው ካቲን ስለሚለወጥ ነው ጫት ትኩሱ የሚፈለገው። ሲቅም ሐሳቡ የሚሰበሰብለት የሚመስለው ሰው የሚሰማው ነገር እንግዲህ ከንቱ ቅዠት አይደለም። መጠኑ ግን ከእስር እስር፣ ከቅጠል ቅጠል ስለሚለያይና የሚከታተለው ሐኪም ስለሌለ ሕክምና ሊባል አይችልም።

ጎልማሳው ወደ ታሪኩ የገባው በሶልት ሌክ ሲቲ ነው። በዩታ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ፖል ዌንደር ችግሩ ያለባቸውን ልጆች ሲያክሙ ይዘዋቸው የሚመጡትን ወላጆች ልብ አሉ። ከአባቶቹና ከእናቶቹ አንዳንዶቹ ልክ እንደ ልጆቻቸው ነበሩ፤ መቀመጥ ያቅታቸዋል፣ ሥራ ይቀያይራሉ፣ ቶሎ ይቆጣሉ፣ የጀመሩትን ይተዋሉ። ከባልደረቦቻቸው ከዴቪድ ዉድና ከፍሬድ ራይመር ጋር ሆነው በ1976 የ15 ጎልማሶችን ጥናት አሳተሙ፤ ከእነዚህ መካከል 11ዱ ሪታሊንንና አስመሳይ ክኒንን፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ ወስደዋል። የልጅነት ጠባያቸውን ለማረጋገጥ እናቶቻቸው ጭምር ተጠይቀዋል። ብዙዎቹ በመድኃኒቱ ተሻላቸው። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ለእኔ ግን ከዚህ ታሪክ ሁሉ የሚከብረው እርሱ ነው፤ ሰነፍና ልበ ቢስ ሲባል የኖረ ጎልማሳ ታማሚ ሆኖ በሕክምና ሚዛን ላይ የወጣበት የመጀመሪያው ቀን ነውና።

ከዚያ በኋላ ማስረጃው ቀስ በቀስ ተጠራቀመ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1980 ባወጣው መመሪያ ችግሩ በጎልማሳነትም ቅሪት ሆኖ ሊቀጥል እንደሚችል ተቀበለ። በሞንትሪያል ጋብሪዬል ዋይስና ሊሊ ሄክትማን ልጆቹን እስኪያድጉ ተከታትለው በ1986 ባሳተሙት መጽሐፍ ብዙዎቹ ችግሩን ይዘውት ማደጋቸውን አሳዩ። በ1990 ደግሞ የብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋሙ አላን ዛሜትኪን ከልጅነታቸው ጀምሮ ችግሩ የነበረባቸውን 25 ጎልማሶች አንጎል በምስል መርምረው የስኳር አጠቃቀሙ ከሌሎች ጋር ሲነጻጸር በ8 በመቶ ያህል ዝቅ ማለቱን ዘገቡ። ይህ ምስል በየጋዜጣው ወጣ፤ ሐኪም ቤቶችም ጎልማሶችን ማስተናገድ ጀመሩ።

ገበያው ተከተለ። ኦቤትሮል የተባለ፣ ለክብደት መቀነሻ ይሸጥ የነበረ አሮጌ የአምፌታሚን ክኒን ነበር። ሪችዉድ የተባለ ትንሽ ኩባንያ አምራቹን ገዝቶ ክኒኑን አደራል ብሎ ሰየመው፤ በ1996 ለኤዲኤችዲ ፈቃድ አገኘ። አደራል የአራት የአምፌታሚን ጨዎች ድብልቅ ነው። በአንድ በኩል ሪታሊን፣ በሌላ በኩል አደራል ተሰለፉ። በቦስተን የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ሐኪሙ ቶማስ ስፔንሰርና ባልደረቦቻቸው በ1995 ሪታሊንን በጠንከር ያለ መጠን ለ23 ጎልማሶች ሰጥተው 78 በመቶዎቹ ሲሻላቸው በአስመሳዩ ክኒን የተሻላቸው 4 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ጻፉ። በ2001 ደግሞ አደራልን በ27 ጎልማሶች ሞክረው 70 በመቶና 7 በመቶ አገኙ። አንባቢ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ሪታሊን በለጠ እንዳይል። በተለያየ ጊዜ፣ በተለያዩ ሰዎች፣ በተለያየ መጠን የተሠሩ ናቸው። ኩባንያዎች ክኒናቸውን ከአስመሳይ ክኒን ጋር ማወዳደር ይወዳሉ፤ ከተፎካካሪያቸው ጋር ማወዳደር ግን ያስፈራቸዋል። ለጥያቄያችን መልስ መዘግየት ይህ ሁለተኛው ምክንያት ነው።

ሁለቱ መድኃኒቶች አንጎል ውስጥ የሚሠሩበት መንገድም በዚያው ጊዜ ጎልቶ ታየ። የነርቭ ሴሎች የሚነጋገሩት ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን በመሳሰሉ ኬሚካሎች ነው። ሴሉ ዶፓሚኑን ከለቀቀ በኋላ የተረፈውን መልሶ የሚስብበት በር አለው። ሜቲልፌኒዴት ያንን በር ይዘጋና የተለቀቀው ዶፓሚን ውጭ እንዲቆይ ያደርጋል። አምፌታሚን በበሩ ራሱ ይገባል፤ ውስጥ የተከማቸውን ፈልቅቆ ያስወጣል፤ ሊያስገባ የቆመውን በርም እንዲያስወጣ ያደርገዋል። ስለዚህ ብርታቱ ይበልጣል፤ ሲያጠፋም ጥፋቱ ይበልጣል። በብሩክሄቨን ቤተ ሙከራ ኖራ ቮልኮው ከባልደረቦቻቸው ጋር እንዳሳዩት፣ ሪታሊን በተለመደው የሕክምና መጠን በአፍ ሲወሰድ ከእነዚህ በሮች ከግማሽ በላይ ይይዛል፤ ጫፍ ለመድረስ ግን አንድ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። በደም ሥር ሲሰጥ ደቂቃዎች ይበቁታል። ሱስ የሚያስይዘው በዋናነት ይህ ፍጥነት ነው። ለታማሚው ጥቅም የሚሰጠውም ዝግታው ነው።

ከ2000 ወዲህ ያለው የአነቃቂዎቹ ውድድር እንግዲህ በአዳዲስ ንጥረ ነገሮች ላይ ሳይሆን በዝግታ ላይ የተደረገ ነው። ተራው ሪታሊን ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ብቻ ስለሚሠራ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ መዋጥ ይጠይቃል፤ የሚረሳ ሰው መድኃኒቱንም ይረሳል። በ2000 የተፈቀደው ኮንሰርታ ይህን በብልሃት ፈታው። ከላይ የተቀባው ጥቂት መድኃኒት ወዲያው ይለቀቃል፤ የቀረው ውኃ ወደ ክኒኑ ሲገባ ቀስ እያለ ተገፍቶ ይወጣል፤ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓትም ይሠራል። በ2001 ረጅም ጊዜ የሚሠራው አደራል ኤክስአር ወጣ። በ2002 የተፈቀደው አቶሞክሰቲን ለጎልማሶች በግልጽ የተፈቀደ የመጀመሪያው የኤዲኤችዲ መድኃኒት ሆነ፤ አነቃቂ ግን አይደለም። ረጅሙ አደራል በ2004፣ ኮንሰርታ በ2008 ለጎልማሶች ተፈቀዱ። ከዩታው ጥናት እስከ አደራል ፈቃድ 28 ዓመት ማለፉን ልብ ይሏል።

ከሁሉም ብልህ ሆኖ የታየኝ በ2007 ለልጆች፣ በ2008 ለጎልማሶች የተፈቀደው ሊስዴክስአምፌታሚን ነው፤ የንግድ ስሙ ቫይቫንስ። አምፌታሚኑ ላይሲን ከተባለ አሚኖ አሲድ ጋር ተጣብቋል፤ እንደተጣበቀ አይሠራም። ደም ውስጥ ገብቶ ቀይ የደም ሴሎች እስኪያላቅቁት መጠበቅ አለበት። ተፈጭቶ በአፍንጫ ቢሳብ እንኳ በቶሎ አያሰክርም። ከጠዋት እስከ ማታም ይዘልቃል።

ሥጋቱም አብሮ አደገ። በየካቲት 2005 ካናዳ 20 ድንገተኛ ሞቶች ከተመዘገቡ በኋላ አደራል ኤክስአርን ከገበያ አስወጣች፤ ማስረጃው እንደገና ሲታይ በዚያው ዓመት ነሐሴ መለሰችው። በ2008 የአሜሪካው ሴናተር ቻርልስ ግራስሊ ባካሄዱት ምርመራ፣ ከቦስተን ታዋቂ ተመራማሪዎች ጥቂቶቹ ከመድኃኒት ኩባንያዎች የተቀበሉትን ብዙ ገንዘብ ሳያሳውቁ መቅረታቸው ወጣ፤ በ2011 ሆስፒታሉና ሃርቫርድ የጥቅም ግጭት ደንብ ጥሰዋል ብለው ቀጧቸው። ይህ መድኃኒቶቹን ከንቱ አያደርጋቸውም። ማንም ኩባንያ ስለ ራሱ ክኒን የተናገረውን ያለ ሌላ ምስክር መቀበል እንደማይገባ ግን ያስተምራል። በ2011 የታተመ፣ ከ440 ሺህ በላይ ጎልማሶችን የያዘ የአሜሪካ ጥናት መድኃኒቶቹን በሚወስዱት ላይ የድንገተኛ የልብ ሕመምና የስትሮክ ጭማሪ አላገኘም። በ2023 ከስዊድን የወጣ ጥናት ደግሞ ለብዙ ዓመታት መውሰድ ከልብና ከደም ሥር በሽታ፣ በተለይም ከደም ግፊት ጋር ሊያያዝ እንደሚችል አሳየ። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንዱ ጥቂት ዓመት፣ ሌላው ረጅም ጊዜ ነው ያየው።

በመጨረሻ በ2018 መልሱ መጣ። ሳሙኤሌ ኮርቴዜና ባልደረቦቻቸው 133 ጥናቶችን አገናዝበው ላንሴት ሳይካያትሪ ላይ አሳተሙ። ለልጆች ጥቅሙንና ጉዳቱን ሲያመዛዝኑት ሜቲልፌኒዴት ቅድሚያ ተሰጠው፤ ለጎልማሶች አምፌታሚን። በጎልማሶች የአምፌታሚን ውጤት 0.79፣ የሜቲልፌኒዴት 0.49፣ የአቶሞክሰቲን 0.45 ተብሎ ተለካ፤ በዚህ መለኪያ 0.8 አካባቢ ብርቱ፣ 0.5 መካከለኛ ይባላል። ጥናቱ የሚያየው ግን አሥራ ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ነው። በሁለቱም መድኃኒቶች በጎንዮሽ ጉዳት ምክንያት ያቋረጡት አስመሳይ ክኒን ከወሰዱት ይበዛሉ። የእንግሊዝ መመሪያ በዚያው ዓመት ጎልማሳው በሊስዴክስአምፌታሚን ወይም በሜቲልፌኒዴት እንዲጀምር አዘዘ።

ብርታቱ ዋጋ እንዳለው ለመታየት አንድ ዓመት አልፈጀም። በ2019 ሎረን ሞራንና ባልደረቦቻቸው ከ13 እስከ 25 ዓመት የሆኑ ከ220 ሺህ በላይ ወጣቶችን መዝገብ መርምረው፣ አምፌታሚን ከጀመሩት 0.21 በመቶ፣ ሜቲልፌኒዴት ከጀመሩት 0.10 በመቶ ሳይኮሲስ የተባለው የአእምሮ መቃወስ እንደገጠማቸው አገኙ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ በአምፌታሚን ግን እጥፍ ነው። በቤተሰቡ የከበደ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ይህን ሳያውቅ መጀመር የለበትም።

ከኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ በአሜሪካ የጎልማሶች ትእዛዝ በፍጥነት ጨመረ፤ በጥቅምት 2022 የምግብና የመድኃኒት አስተዳደሩ የአደራል እጥረት መኖሩን አወጀ። ብዙ ታማሚ ከፋርማሲ ፋርማሲ ሲዞር ከረመ። በ2025 መጀመሪያ የታተመ፣ 113 ጥናቶችንና ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ጎልማሶችን የያዘ ግምገማ አነቃቂዎቹ የትኩረት ችግሩን እንደሚቀንሱ ታማሚውም ሐኪሙም መመስከራቸውን አረጋገጠ። የኑሮ ደስታን ግን ማሻሻላቸውን አላገኘም፤ ስለ ረጅም ጊዜም ጥናት እንደሚጎድል ገልጿል።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። በአማካይ ለጎልማሳ አምፌታሚን ብርቱ ነው፤ ሜቲልፌኒዴት ረጋ ያለ ነው፤ ማንም ግን አማካይ ሆኖ አይታከምም። ምርመራ ሳያደርጉ ከጓደኛ ተቀብለው አይዋጡ። ከመጀመርዎ በፊት የደም ግፊትዎንና የልብ ምትዎን ያስለኩ፤ በቤተሰብ የልብ ወይም የአእምሮ ሕመም ካለ ይናገሩ፤ ጫት የሚቅሙ ከሆነ ለሐኪምዎ አይደብቁ። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚጓዙ ከሆነ መድኃኒቱን ይዘው ከመሄድዎ በፊት ፈቃድ ይጠይቁ፤ ጃፓን አምፌታሚንን በሐኪም ማዘዣም ቢሆን አታስገባም። በትንሽ መጠን ይጀምሩ፤ እንቅልፍዎንና የምግብ ፍላጎትዎን ይከታተሉ። የመጀመሪያው ክኒን ካልተስማማዎትም ተስፋ ቆርጠው አይተዉት፤ ከሌላው ቤተሰብ ያለውን እንዲያስሞክርዎት ሐኪምዎን ይጠይቁ።